አልበሙ ላይ የተቀዳው ስብሰባ

ሬዲዮ ላይ ስለ ካሴት ዘመን ትዝታ ማውራት ሲጀመር አጠፋዋለሁ። አቅራቢው ድምፁን ያለሰልስና ያ ጊዜ እንዴት ያምር እንደነበር፣ ካሴት በእስክሪብቶ ማጠንጠን እንዴት ደስ ይል እንደነበር ይተርካል። ምኑ ነው ደስ የሚለው? እኔ ካሴት በእስክሪብቶ ያጠነጠንኩት የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅብን ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ቦንጋ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ተለምና የምትወጣበት አገር ነው። ትዝታ ለተመቸው ሰው ነው። እኔ ካሴት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። የጠጉሬ ግማሽ ሸብቶ እንኳን አልበረደልኝም።

ነገሩ የአንድ ካሴት ነገር ነው። "ለአንድ ካሴት ይህን ያህል?" ያለኝ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ቤታችን አልበም እንዴት ይሰማ እንደነበር አስቀድሜ ልናገር።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ቤታችን አራት ሰው ነበር። አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የሚይዘውም እሱ ነው። እናቴ ከዋጫ በኩል የመጣች ናት። በረንዳችን ላይ በእግር የምትመታ የስፌት መኪና ነበረቻት፤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ውጤቱን ይጠብቃል። ቴፑ የአባቴ ነው፤ ካሴቶቹ የወንድሜ ናቸው፤ ዋናዋ ሰሚ ግን እናቴ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እሷ ነቻ።

ከገበያው ከፍ ብሎ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ከጅማ በሚመጣው አውቶቡስ አንድ ኦርጅናል ያስመጣና ለከተማው ሁሉ ይቀዳል። ባዶ ካሴቱ ከአልበሙ ስለሚያጥር የመጨረሻዋን ዘፈን ይቆርጣታል። ዘፋኙ ምን ያህል እንደለፋባት ለሰውዬው ጉዳዩ አይደለም፤ ቦታ የለም ብሎ አለቀ። እኔ ጅማ ለትምህርት ሄጄ ታክሲ ውስጥ አንድ ዘፈን ሰማሁና "አዲስ ነው እንዴ?" ብዬ ጠይቄ ተሳቀብኝ። በልጅነቴ ስንት ጊዜ የሰማሁት አልበም መጨረሻ ነበር። ቦንጋ ውስጥ አልበም እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ጅማ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የቦንጋውን ባለ ሙዚቃ ቤት ያላልኩት የለም።

ወንድሜ ደግሞ ሕግ ነበረው። አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የሚሰማው፤ መዝለል የለም፤ የወደዱትን እየመለሱ መስማት የለም። "አልበም እንደ ወጥ ነው፤ ሥጋውን እየለቀሙ መብላት ነውር ነው" ይለን ነበር። የማትወዱትም ዘፈን ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ መስማት ነው። በልጅነቴ ይህን ሕግ እጠላው ነበር፤ አሁን ልክ እንደነበረ አውቃለሁ። ሰዎች ዛሬ ስልካቸው ላይ ግማሽ ዘፈን ሰምተው ወደ ሌላው ሲዘሉ ሳይ እጃቸውን መምታት ያምረኛል።

ከነዚያ አልበሞች ውስጥ ልብስ ሳጥብ የምሰማው የኔ ነበር። ተቆጥታ የምትዘፍን አንዲት ሴት አለች። ስለ ፍቅር ስትዘፍን እንኳን ከሰው ጋር የተጣላች ትመስላለች፤ እኔ ያን ቁጣዋን ወደድኩላት። ሳሙናውን እያሸሁ ከሷ ጋር እቆጣ ነበር፤ በማን ላይ እንደምቆጣ ግን አላውቅም። ወንድሜ ደግሞ ዘገምተኛ የፍቅር አልበም ነበረው። አንዲት የወደዳት ልጅ ቤተሰቦቿ ወደ ሺሺንዳ ሲዛወሩ እሷም ሄደች፤ እሱም አንድ ክረምት ሙሉ ያንኑ አልበም ከፈተብን። ልጅቷ የሄደችው እሱን ጥላ ነው፤ የተቀጣነው እኛ ነን።

የእናቴ አልበም የአንድ ጎልማሳ ዘፋኝ ነው። ወንድሜ በሙዚቃ ቤቱ ያስቀዳው ቅጂ ነው፤ የዘፈኖቹን ርዕስ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎበታል። እናቴ አማርኛን በትልቅነቷ የተማረችው ስለሆነ ግጥሙ ሁሉ አይገባትም ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚል ላስረዳት ስሞክር "ቃሉን ተይው፤ እግሬ ይሰማዋል" አለችኝ። እውነቷን ነው። የዚያ አልበም ሦስተኛ ዘፈን ከስፌት መኪናዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዘፈኑ ሲጀምር እግሯ በራሱ ይጀምራል፤ እሷም ሳታውቀው ስፌቷን ከዘፈኑ ጋር ትጨርሳለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴፑን ራሷ ልትከፍት ብላ ከማጫወቻው ጋር ቀዩንም ቁልፍ ተጫነችው። ቀዩ መቅጃ ነው። ዘፈኑ ጠፋባት፤ ቴፑ የሞተ መሰላትና ትታው ስፌቷን ቀጠለች። ሁለት ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ካሴቱ ዘፈኑን እያጠፋ እሷን ቀዳ።

ማታ ወንድሜ አልበሙን እንደ ሕጉ ከመጀመሪያው ከፈተ። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ዘፋኙ ተቆረጠና የስፌት መኪና ድምፅ መጣ። ከዚያ እናቴ በረንዳ ላይ የወጣችን ዶሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በካፊኖኖ ስትቆጣ ይሰማል። ከዚያ በአማርኛ እኔን ትጠራለች፦ "ነይ፣ ክሩን አስገቢልኝ፤ ዓይኔ እምቢ አለ።" ከሩቅ የኔ ድምፅ "መጣሁ!" ይላል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም። ከዚያ መኪናው እንደገና ይጀምራል፤ እናቴ "ይሄ ነገር ምን ነካው?" ትላለች፤ ቴፑ ቀጭ ይላል፤ ዘፋኙም ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት አልፎ ይቀጥላል።

ወንድሜ ጮኸባት። "የማታውቂውን ለምን ትነኪያለሽ! አበላሸሽው እኮ!" አላት፤ በገዛ ቤቷ፣ በባሏና በልጇ ፊት። እኔ ደግሞ ሳቅሁ። ዶሮዋን ስትቆጣ ያለችውን እየደገምኩ ሳቅሁባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቴፑን በእጇ ነክታው አታውቅም። መስማት ስትፈልግ "እስቲ ክፈቱልኝ" ትላለች፤ እኛ ከሌለን በባዶው ትሰፋለች። ወንድሜን ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ራሴንም።

ካሴት ከጠርዙ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉት። እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ ላዩ ላይ አልቀዳም ይላል። ወንድሜ በማግስቱ ቢላዋ ይዞ ቁጭ አለና የካሴቶቹን ሁሉ ክዳን ሰበረ፤ እናቴ ዳግመኛ እንዳትሳሳት ነው። ክዳኑ የተሰበረ ካሴት ላይ መቅዳት የፈለገ ሰው ቀዳዳውን በታጠፈች ወረቀት መድፈን አለበት። ይህን ልብ በሉልኝ። ሳይታሰብ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ወረቀት መቅደድ፣ ማጠፍ፣ መጠቅጠቅ አለበት።

እናቴ የታመመችው ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሆዷ ያብጥ ጀመር። አባቴ ጅማ ወሰዳት፤ መለሳት፤ እንደገና ወሰዳት። ሐኪሞቹ ሦስተኛ አትመላለሱ ብለው ሲሸኟት ቤት ይዟት መጣና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። መኪናዋ ላይ ጨርቅ ጣልንባት። ቡናው ቀልቶ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ሳለ ሞተች።

የሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትበትም። ቴፑ ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ በነጠላ ተሸፍኖ ብዙ ወራት ቆየ። በመጨረሻ ወንድሜ ለሥራ ቢታ ገነት ተመደበና ከመሄዱ በፊት ዕቃውን ሲሸክፍ ቴፑን ከፈተው፤ ውስጡ የነበረው ያ አልበም ነው። የዚያን ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጃንጥላ እያራገፈ ነበር። እኛ ረስተነው ነበር፤ ለካ ወንድሜ በተናደደበት ካሴት ውስጥ አንድ ነገር ተቀምጦ ኖሯል። ሦስተኛው ዘፈን ተቆረጠ። መኪናዋ መጣች። ዶሮዋ ተባረረች። "ነይ፣ ክሩን አስገቢልኝ።"

ወንድሜ ካርቶኑን እንዳቀፈ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ጃንጥላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ "መጣሁ" ያልኩበት ቦታ ሲደርስ ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ምክንያቱም እንዳልመጣሁ አውቃለሁ። ከበር ውጪ ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ዓይኗ እምቢ ያላትን ሴት ብቻዋን ክር ስትፈልግ ትቼያት ነው። ከ"መጣሁ" በኋላ ያለው ያ ረጅም ዝምታ የኔ ጥፋት ርዝመት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ወንድሜ ካርቶኑን ይዞ ሄደ፤ ያቺን አንዷን ግን በእጄ ላይ አስቀመጠ። "አደራ" አለኝ። ፎቶግራፍ ነበረን፤ ድምፅ ግን ሌላ የለንም። የእናቴ ድምፅ በዚህ ምድር ላይ ያለው በዚያች ቅጂ ካሴት፣ ሦስተኛው ዘፈን መሐል ብቻ ነበር።

አደራዬን ጠበቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ አልበሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሁለቱን ዘፈኖች በትዕግሥት ሰምቼ፣ ወደ እሷ እደርስ ነበር። እሷ እስክትደርስ እየጠበቅሁ ስለሰማኋቸው ይሆናል፣ እነዚያን ሁለት ዘፈኖች ዛሬ የትም ብሰማቸው ልቤ በር ላይ እንግዳ እንደሰማ ውሻ ብድግ ይላል። አንዳንድ የሥራ ቀን ካሴቱ ከቦታው ይጠፋል፤ ማታ ደግሞ ተመልሶ አገኘዋለሁ። ራሴ ያለ ቦታው አስቀምጬው ይሆናል እያልኩ ራሴን እገሥጽ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ አልመጣም። ሹ የሚል የካሴት ድምፅ መጣ። ወንበር ተጎተተ። የአባቴ ድምፅ ከቅርብ "እየቀዳ ነው" አለ። ከዚያ የማላውቀው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እንግዲህ የዛሬው መድረካችን የሩብ ዓመቱን የሥራ አፈጻጸም በሂስና በግለ ሂስ የምንገመግምበት ሲሆን፣ በቅድሚያ አጠቃላይ አቅጣጫ ለማስቀመጥ ያህል…" አለ።

ካሴቱን አወጣሁት። አገላብጬ አየሁት። ቀይ ጽሑፉ ያው ነው፤ የወንድሜ እጅ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ግን ወረቀት ነበር። ነጭ የቢሮ ወረቀት፣ አራት ጊዜ ተጣጥፎ፣ ጠርዙ ላይ የማኅተም ሐምራዊ ቀለም ያለበት። እንዴት ጥሩ አድርጎ አጥፎታል! አባቴ ወረቀት ሲያጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ነው፤ መዝገብ ቤት ያስተማረው ይህንን ነው። መልሼ ከተትኩት፤ ሦስተኛው ዘፈን ወደነበረበት ቦታ ወሰድኩት። አንድ ሰው ስለ ሰዓት መከበር እያወራ ነው። ወደፊት ወሰድኩት። ያው ሰው ነው። ኤ ሳይድ ሊያልቅ ሲል "ስብሰባው በዚሁ ተጠናቋል" አለ፤ ወንበሮች ተንኳኩ፤ ቀጭ አለ። ከዚያ የአምስተኛው ዘፈን ጅራት፣ ጥቂት ስንኝ፣ ያ ጎልማሳ ዘፋኝ ምንም የማያውቅ ሰው ሆኖ ብቅ አለና ካሴቱ አለቀ።

አባቴ ወደ ቤት ሲገባ ወረቀቷን በመዳፌ ይዤ ጠበቅሁት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለአባት የማይባል ነገር አልኩት፤ አልደግመውም። እሱ ቆሞ ሰማኝና፣ "ተሳስቼ ነው" አለ። በቃ። ተሳስቼ ነው! የኔ እናት ቁልፍ ተሳስታ ቤት ሙሉ ተጮኸባት፤ እሱ ወረቀት አጥፎ ተሳሳተ። ቢጮህብኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አንቱ አልኩት። ሰው አክብሮት መሰለው፤ ጎረቤት "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ" ይለኝ ነበር። ቡና ስሰጠው አንቱ፣ ልብሱን ስተኩስለት አንቱ፣ ሥራ ይዤ የመጀመሪያ ካፖርት ስገዛለት አንቱ። ወንድሜ በመጣ ቁጥር "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያለ ይተርትብኝ ነበር፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሜ ቂሜን ይዤ እጸልይ ነበር። ወረቀቷን አልጣልኳትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ሆንኩ። ካሴቱን ግን ዳግመኛ አልሰማሁትም። የዚያን ሰብሳቢ ድምፅ ሁለተኛ ከምሰማ ጆሮዬ ይደፈን ብያለሁ።

ዓመታት ሄዱ። መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ ሙዚቃ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆነ። የዚያው መንግሥት ዘመን ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ወንድሜ፣ አሁን እሱም የልጆች አባት ነው፣ የድሮ አልበሞቹ ሁሉ ወደ ፍላሽ ይገልበጡልኝ ብሎ ካርቶኑን ላከልኝ። ስልክ ጠጋኙ ካሴቶቹ የሚጫወቱና የማይጫወቱ እንዲለዩ አስቀድሜ እንድሰማቸው ነገረኝ፤ አሮጌ ቴፕም አዋሰኝ። ልብስ እየተኮስኩ አንድ በአንድ ሰማኋቸው። የቁጡዋ ሴትዮ አልበም አሁንም ቁጡ ነው። የወንድሜ የፍቅር አልበም ግን አረጀ፤ ያን ሁሉ ክረምት ያስለቀሰው ነገር አሁን ውሃ ውሃ ይላል። መጨረሻ ላይ የኔዋ ቀረች። ያቺን የአምስተኛውን ዘፈን ጅራት ልሰማ ፈለግሁ፤ ቴፑ ደግሞ ወደፊት መውሰጃው አይሠራም። እሺ ይሁን፣ ስብሰባው ይለፍ ብዬ ሸሚዝ ዘረጋሁ።

ሰብሳቢው አቅጣጫ አስቀመጠ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ጠንካራና ደካማ ጎኑ ተነገረው። አንዷ በቡና ሰዓት ትቆያለች። አንዱ የአመለካከት ችግር አለበት። ከዚያ ሰብሳቢው "አሁን ደግሞ ወደ መዝገብ ቤት እንምጣ" አለ።

ካውያውን አነሳሁት።

"የመዝገብ ቤት ባልደረባችን ጠንካራ ጎኑ ጽሑፉ ንጹሕ መሆኑ ነው" አለ ሰብሳቢው። "ደካማ ጎኑ፣ ባለፈው በጀት ዓመት ከተፈቀደለት ፈቃድ በላይ ተደጋጋሚ ቀናት ከሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሁላችንም ቤተሰብ አለን። የመንግሥትን ሥራ ከግል ጉዳይ አለመለየት ችግር ነው። ግለ ሂስ እንዲያደርግ መድረኩን እሰጠዋለሁ።"

ወንበር ተገፋ። አባቴ ከቴፑ አጠገብ ስለተነሳ ድምፁ ትንሽ ራቀ። "የተባለው ትክክል ነው" አለ። "ቀናቱ በመዝገብ አሉ፤ የጻፍኳቸው እኔው ነኝ። ጥፋቴን ተቀብያለሁ። ለወደፊቱ አይደገምም።"

አይደገምም! ምኑ ነው የሚደገመው? እናቴ ሁለተኛ ልትሞት? ይህን ያለው ሰው እኮ ጅማ ድረስ ሚስቱን በአውቶቡስ ጭኖ ሁለት ጊዜ የተመላለሰ፣ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ ራሷን በጭኑ ይዞ የሄደ ሰው ነው። "አድናቆታችን ነው" አለ ሰብሳቢው፤ "ችግሩን በቀናነት መቀበሉ እንደ ጥሩ ጎን ይያዝ።" ሰው አጨበጨበ። አባቴ ተቀመጠ፤ እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል። የገዛ ራሱን ጥፋት ቃለ ጉባኤ ላይ እየጻፈ ነበር።

ካውያውን ሳላውቀው መልሼ አሳርፌው ኖሮ ሸሚዙ ተቃጠለ። ያ ሰብሳቢ የት እንዳለ አላውቅም፤ ስሙንም አላውቅም። ያን ቀን ግን ባገኘው ምን እንደማደርገው ፈጣሪ ይወቅ። ያን ሁሉ ዓመት ንዴቴን ያፈሰስኩት የተሳሳተ ደጅ ላይ ነበር።

ቴፑን በፌስታል ከትቼ ወደ አባቴ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ያችው በረንዳ ላይ፣ ጨርቅ ከለበሰችው የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል።

"ካሴቱን ሰማሁት" አልኩት። "እስከ መጨረሻው።"

የቱን አላለኝም። "ጥለሽዋል ብዬ ነበር" አለ።

"ለምን ያቺን? ስንት ካሴት ባለበት አገር፣ ለምን ያቺን?"

"ኪሴ ውስጥ ነበረች" አለ። "ቢሮ ቴፕ ነበረን፤ ምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ እሰማት ነበር። እናንተ ፊት መስማት አልቻልኩም። የዚያን ቀን የቢሮው ካሴት ተበጠሰ። ሰብሳቢው ሌላ አምጣ አለኝ፤ የለም አልኩ። አንዲት ባልደረባችን 'ኪሱ ውስጥ አለ፤ ምሳ ሰዓት ሲሰማ አይቼዋለሁ' አለች። ክፋት አልነበረባትም። 'ምንድነው እሱ?' አለኝ ሰብሳቢው። 'ዘፈን ነው' አልኩት። 'ዘፈን ከሆነማ ከመጀመሪያው ጀምረህ ቅዳበት' አለ።"

"ለምን አልነገርካቸውም?" ጮህኩበት። እንደ ወንድሜ፣ በዚያው ቤት፣ አንቱታውን ረስቼ ጮህኩበት። "የሚስቴ ድምፅ ነው ለምን አላልክም?"

"ምን ልበል?" አለ። "የምገመገመው በሷ ምክንያት ነው። ከሥራ ያስቀረችኝን ሴትዮ ቢሮ ድረስ በኪሴ ይዣት መጥቻለሁ ልበል? ዶሮ ስታባርር ያለችበት ነው ልበልና ይሳቁባት?"

ያኔ እኔም እንደሳቅሁባት ትዝ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ካሴቷን ከቴፑ አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት፤ በአውራ ጣቱ ቀዩን ጽሑፍ ዳበሰው።

"አልጠፋም እኮ" አለ። "እኔ ዘንድ አለ።"

ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በካፊኖኖ፣ ዶሮዋን ተቆጣ። ልክ እንደሷ፤ መጨረሻውን ወደ ላይ እየሳበ። "ነይ፣ ክሩን አስገቢልኝ፤ ዓይኔ እምቢ አለ" አለ። ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ፣ ከሩቅ እንደሚጮህ ልጅ፣ "መጣሁ!" አለ። ከዚያ ዝም አለ። ካሴቱ ላይ የነበረውን ያህል ጠበቀ፤ ሰዓቱን አውቃታለሁ፣ ትክክል ነበረች።

"አልመጣሁም እኮ፣ አባዬ" አልኩት። ንዴት ነው፣ ለቅሶ ነው፣ የቱ እንደነበረ አላውቅም። "መጣሁ ብዬ አልመጣሁም። ብቻዋን ትቻት ነው።"

"አልመጣሽም" አለ። እጁን ጨርቅ በለበሰችው መኪና ላይ፣ መርፌው ባለበት በኩል አሳረፈ። "እኔ ከጓዳ ወጥቼ ክሩን አስገባሁላት። ያ ዝም ያለው ቦታ አለ አይደል? እሱ እኔ ነኝ።"